«ቅባት ነው፣ ምን ያመጣል?» ላሉት ጸሐፊ

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ሣሩ ላይ ያደረው ውርጭ ገና አልቀለጠም። አንዲት ተማሪ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ጥግ ተከናንባ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት ገባች። በዚህ ወር እዚህ ከተማ ያልተከናነበ ሰው የለምና ምንም አልመሰለኝም። ሰው ሁሉ ገዝቶ እስኪወጣ ጥግ ይዛ ስትጠብቅ ግን ነገሩ የብርድ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

ተራዋ ሲደርስ ስልኳን ዘረጋችልኝ። «ጋሼ፣ ይሄኛውን ይስጡኝ።» ስልኩ ላይ ብጉርን በአንድ ሳምንት ስለማጥፋት የተጻፈ ጽሑፍ ተከፍቷል። ጣቷ ያረፈው «ክሊንዳማይሲን ጄል» የሚለው ላይ ነው፤ የሚቀባ አንቲባዮቲክ ነው።

«እስካሁን ምን ስትቀቢ ነበር?» አልኳት።

ከደብተር ቦርሳዋ ሦስት ትዩብ አወጣች። አንደኛው የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ነው። ሁለተኛው ራሱ ክሊንዳማይሲን ነው፤ እንደ ጥርስ ሳሙና ከታች ተጠቅልሎ፣ ተጨምቆ አልቋል። ሦስተኛው ቤታሜታሶን። ነጠላዋን ገለጥ ስታደርገው ጉንጯ ቀልቷል። አገጯ ላይ ደቃቅ ብጉሮች ተደርድረዋል። ግንባሯ ላይ የድሮዎቹ ጥቁር ምልክት ቀርቷል።

ጽሑፉን ላከችልኝ። ማታ ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ለክፋት ጻፉት ብዬም አላስብም፤ ልክ የሆነ ነገርም አላቸው፣ እሱን ስደርስበት እናገራለሁ። ሦስቱም ትዩብ ግን የተገዙት ያንን ጽሑፍ ተከትሎ ነው። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ላላነበባችሁት፣ ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይሄን ነው። ብጉር የቆሻሻ በሽታ ስለሆነ ፊትን በቀን አራት ጊዜ በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። ከዚያ አንቲባዮቲክ ቅባት ብቻውን ይበቃል። ብጉሩ ላይ ብቻ ነካ ማድረግ ነው። በሳምንት ካልጠፋ ሌላ መቀየር ነው። «ቅባት ነው፣ ምን ያመጣል?» ይላሉ፤ ስለዚህ እስከፈለጉት ጊዜ መቀባት ይቻላል። ጄሉ ከጠፋ የዓይን ቅባት ወይም የካፕሱል ዱቄት ይተካዋል። ፊት ካቃጠለ ቤታሜታሶን ጠብ ማድረግ ነው። በመጨረሻም እንደኛ ባለ ብርዳም አገር የፀሐይ መከላከያ ክሬም ትርፍ ወጪ ነው።

ከቆሻሻው ልጀምር፣ እሱ ቶሎ ያልቃል። ብጉር ካለመታጠብ አይመጣም። ያ አፍንጫ ላይ የሚታየው ጥቁር ነጥብ እንኳ አቧራ አይደለም። ከቀዳዳው ውስጥ የተጠራቀመው ወዝና የሞተ ቆዳ አየር ሲያገኘው ነው የሚጠቁረው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለዘብ ባለ ሳሙና፣ በእጅ መታጠብ በቂ ነው። በደብረ ብርሃን ደረቅ ብርድ ፊትን አራት ጊዜ በልብስ ሳሙና የፈተገ ሰው ቆዳው ይሰነጠቅበታል። በላዩ የብጉር መድኃኒት ሲቀባበት ደግሞ እንደ ሚጥሚጣ ያቃጥለዋል። ከዚያ «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብሎ ይተወዋል። ያልተስማማው ሳሙናው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው። «አንቲባዮቲክ ቅባት ብቻውን ይበቃል» የሚለው ከሁሉ ስለሚብስ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ፊታችን ላይ ያለ እያንዳንዱ የጸጉር ቀዳዳ ወዝ የምታመነጭ ዕጢ አለችው። በጉርምስና ሆርሞኑ ሲነሳ ወዙ ይበዛል። የቀዳዳው አፍ ላይ የሞተ ቆዳ ይጣበቅና ይደፈናል። ከሥር የተዘጋበት ወዝ ውስጥ ኪዩቲባክቴሪየም አክነስ የምትባል ባክቴሪያ ትራባለች። የድሮ መጻሕፍት ፕሮፒዮኒባክቴሪየም ይሏታል፣ ያው ራሷ ናት። ብጉር ያለበትም የሌለበትም ሰው ፊት ላይ ትኖራለች። ሰውነት ሊዋጋት ሲነሳ ነው ቦታው የሚያብጠውና መግል የሚይዘው።

ክሊንዳማይሲን ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሚነካው ባክቴሪያዋን ነው፣ እብጠቱንም ጥቂት ያበርዳል። የተደፈነውን ቀዳዳ ግን አይከፍትም። ወዙንም አይቀንስም። ጭስ የሞላው ጎጆ ውስጥ ቆሞ ጭሱን በነጠላ ማራገብ በሉት፤ በሩን የከፈተው የለም።

ይሄ ብቻ ቢሆን «ግማሽ መፍትሔ ነው» ብዬ አልፈው ነበር። ችግሩ ባክቴሪያዋ መድኃኒቱን ትለምደዋለች። የሞረትና የጅሩ ገበሬ ይሄን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ሲናር የወረረው ማሳ ላይ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ፀረ አረም ብቻ ሲረጭ፣ መጀመሪያ ሲናሩ ያልቃል። ሁለት ሦስት ሲናር ግን አይሞቱም። ዘር የሚያራግፉት እነሱ ናቸው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ማሳው ሙሉ የማይሞተው ሲናር ይሆናል። ፊት ላይም ነገሩ ያው ነው፣ የሚፈጥነው ብቻ። ክሊንዳማይሲንንና ኤሪትሮማይሲን የሚባለውን ሌላ አንቲባዮቲክ የለመደች የብጉር ባክቴሪያ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ስትዘገብ ኖራለች። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ አንዱን የለመደች ሌላውንም ትለምዳለች፤ ሁለቱ የሚመቷት አንድ ቦታ ነውና። ስለዚህ ጸሐፊው «ክሊንዳማይሲን ካልሠራ ኤሪትሮማይሲን ሞክሩ» ያሉት፣ ቁልፉ አልከፍት ያለውን በር በዚያው ቁልፍ ግልባጭ መሞከር ነው። ሁለቱን ደራርቦ መቀባትም አይገባም፤ እርስ በርስ ይሻማሉ።

እዚህ ላይ ራሴን ነጻ አላወጣም። ከዓመታት በፊት ሌላ መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ ስሠራ አንድ የሸዋ ሮቢት መስመር ረዳት ደንበኛ ነበረኝ። መጀመሪያ ክሊንዳማይሲን ሰጠሁት። በሁለት ወር ፊቱ ጠራ፤ እየሳቀ መጥቶ አመሰገነኝ። ከዚያ በየወሩ ይመጣ ጀመር። «ያንኑ» ይለኛል፣ ያንኑ አነሳለታለሁ። ማዘዣውን ደግሜ አላየሁም። እየቆየ ብጉሩ ተመለሰ፣ እሱም መቀባቱን አልተወም። አንድ ዓመት ሙሉ ሳልጠይቀው ሸጥኩለት። በስተመጨረሻ እሱ ነው የጠየቀኝ። «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ድሮ ይሠራ ነበር። አሁን አቅጥነው ነው እንዴ የሚሠሩት?» አለኝ። መድኃኒቱ አልቀጠነም ነበር። ፊቱ ላይ የማይሞተውን ሲናር የዘራሁት እኔ ነኝ።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንቲባዮቲኩ ባልደረባ ያስፈልገዋል። ዋናው ባልደረባ ቤንዞይል ፔሮክሳይድ ይባላል። ባክቴሪያዋን በኦክስጅን ነው የሚገድላት፤ እስከ ዛሬ የለመደችው ባክቴሪያ አልተገኘችም። ክሊንዳማይሲን የለመደችውንም ሳይቀር ይገድላታል። ቀዳዳውንም በመጠኑ ይከፍታል። በ2.5፣ በ5 እና በ10 በመቶ ጥንካሬ ይሠራል። ብዙ ሰው 10 የሚለውን ሲያይ «ጠንካራው ይሻላል» ይላል፤ የሚጨምረው ግን በአብዛኛው ማቃጠሉን ነው። ከዝቅተኛው መጀመር ይበቃል። ሌላው ባልደረባ ሬቲኖይድ ነው፤ አዳፓሊን ወይም ትሬቲኖይን። የተደፈነውን በር የሚከፍተው እሱ ነው። ማታ ማታ ይቀባል።

የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ የሚቀባ አንቲባዮቲክ ብቻውን እንዳይሰጥ ይላል። ናይስ የተባለው የእንግሊዝ ተቋምም በ2021 ያንኑ ብሏል። ናይስ አንድ ነገር ይጨምራል፤ የሚቀባና የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ለብጉር አንድ ላይ አይሰጥም። ይሄን የምጠቅሰው እዚህ አገር «ቶሎ እንዲጠፋ» ተብሎ ዶክሲሳይክሊንና ክሊንዳማይሲን ጄል በአንድ ፌስታል ሲወጣ ስለማይ ነው።

ስለ ቤንዞይል ፔሮክሳይድ አንድ ማስጠንቀቂያ። ቀለም ይበላል። ነጭ ነጠላ ላይ ምንም አታዩም። ባለ ቀለም ጥበብ፣ ፎጣ፣ የትራስ ልብስ ላይ ግን ቡራቡሬ ይሠራል። አንዷ ደንበኛዬ ቀይ ብርድ ልብሷን ይዛ መጣች። ጠርዙ ልክ በአገጯ ስፋት ብርቱካንማ ሆኗል። «ብጉሬስ ሊጠፋ ነው፣ እናቴ ግን ልትገድለኝ ነው» አለችኝ። በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ተኙ። ብርድ ልብሱንም ከአገጭ በታች።

«ቅባት ነው፣ ምን ያመጣል?»

ይሄ አረፍተ ነገር ነው ርዕስ ያደረግኩት፤ በየቀኑ ስለምሰማው። እውነት ነው፣ ከሚቀባው ክሊንዳማይሲን ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። ጥቂት ማለት ግን ዜሮ ማለት አይደለም። አልፎ አልፎ፣ በጣም ጥቂት ሰው ላይ፣ ከባድ የአንጀት ቁስለት ያስነሳል። ውሃ የሆነ ተቅማጥ ደጋግሞ ከመጣ፣ ደም ከታየበት ወይም ሆድ ከቆረጠ፣ ቅባቱን አቁሞ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። የተቅማጥ ማቆሚያ ገዝቶ መዋጥ አይገባም። ከዚህ በፊት በአንቲባዮቲክ ምክንያት የአንጀት ቁስለት ይዞት የሚያውቅ ሰው ጭራሽ ባይነካው ይሻላል፤ ለሐኪሙም ይንገር።

ሌላም አለ። ፊት ላይ የምትኖረው የብጉር ባክቴሪያ ብቻ አይደለችም። ስታፊሎኮከስም አለ፣ ብጉንጅና የአጥንት ኢንፌክሽን የሚያመጣው። ክሊንዳማይሲን በኪኒንና በመርፌ የሚሰጠው ለዚያ ዓይነቱ ነገር ነው። ለአገጭ ብጉር ዓመት ሙሉ ሲቀባ እሱም ይለማመዳል። ነገ ከበድ ያለ ሕመም ሲመጣ መድኃኒቱ ላይሠራ ይችላል ማለት ነው።

ፈሳሹ ዓይነት ደግሞ አልኮል አለበት፣ በእሳት ይያያዛል። እዚህ ማታ ማታ ሁላችንም ከሰል ላይ ነን። ምድጃ ዳር ተቀምጦ አይቀባም። ዓይንና አፍ አካባቢም አይጠጋም።

«እስከፈለጋችሁት ጊዜ» የሚለው ጭራሹን መውጣት ያለበት ቃል ነው። አንቲባዮቲክ ያለበት የብጉር ሕክምና ሲጀመር የሚቆምበት ቀን አብሮ ይወሰናል። 12 ሳምንት ላይ ሐኪም ያየዋል። ከጠራ አንቲባዮቲኩ ይወጣና ቤንዞይል ፔሮክሳይዱ ወይም ሬቲኖይዱ ይቀጥላል። ብጉሩ እንዳይመለስ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ካልጠራም ሐሳብ ይቀየራል። ከስድስት ወር በላይ መቀጠል የተለየ ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው።

ብጉሩ ላይ ብቻ ነካ ማድረግስ? ዛሬ የምታዩት ብጉር ከሳምንታት በፊት ውስጥ ውስጡን የጀመረ ነው። ነገ የሚወጣው ደግሞ አሁን ንጹሕ በሚመስለው ቆዳ ሥር አለ። ስለዚህ ብጉር የሚወጣበት አካባቢ በሙሉ ነው የሚቀባው፤ ግንባር ከሆነ ግንባር፣ ጉንጭ ከሆነ ጉንጭ። በስሱ። ለሙሉ ፊት አንድ የአተር ፍሬ የምታክል ትበቃለች። አንዳንዱ ሰው እንደ ቅቤ አወፍሮ ይቀባዋል። የሚያተርፈው ነገር የለም፣ ትዩቡ ቶሎ ከማለቁ በቀር።

የአንድ ሳምንቱ ተስፋም የሰውን ገንዘብ የሚጨርስ ነው። ለውጥ ለማየት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። ሬቲኖይድ ሲጀመር እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የባሰ ሊመስል ይችላል። በየሳምንቱ የሚቀያይር ሰው አንዱንም በቅጡ አልሞከረም። ጻድቃኔ ማርያም ጸበል ሊጠመቁ ሄደው መድኃኒቱን ሁለት ሳምንት ትተው የሚመለሱ አሉ፤ ይዛችሁ ሂዱ ነው የምላቸው። ጸበሉም ይጠመቃል፣ ቅባቱም ማታ ይቀባል። ማንም አይጣላም።

ጸሐፊው ጨርሶ ያልነኩት ነገር ጥቁሩ ምልክት ነው። እኛ ቆዳ ላይ ትልቁ ጭንቀት እኮ እሱ ነው። ብጉሩ ከዳነ በኋላ ቦታው ለወራት ጠቁሮ ይቀራል። ብዙ ልጆች ያንን «ገና አልጠፋም» ብለው ያስቡትና አንቲባዮቲኩን ይቀጥላሉ። ጣታችሁን አስኪዱበት። ካላበጠ፣ ካላመመ፣ ከቆዳው እኩል ከሆነ፣ ብጉር አይደለም፣ የብጉር ጥላ ነው። አንቲባዮቲክ ጥላን አያጠፋም። ለጥላው አዳፓሊን ይረዳል። አዜሌይክ አሲድ የሚባልም አለ፣ ብጉሩንም ጥላውንም የሚያክም። ይሄ አሲድ በተፈጥሮ በስንዴና በገብስ ውስጥ ይገኛል። (ይሄን ስላልኩ በሶ በጥብጦ ፊቱ ላይ የሚለጥፍ እንዳይመጣብኝ። በትዩብ ያለውን ነው የምላችሁ።) እርጉዝ ለሆነች ሴት ሬቲኖይድ አይሆንም፤ አዜሌይክ አሲድ ግን ይሆናታል። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም ካሰባችሁ ማዘዣ ከመጻፉ በፊት ተናገሩ።

ወደ ዓይን ቅባቱ። በአማራ ክልል ትራኮማ ብዙ ሰው ዓይኑን ያጣበት በሽታ ስለሆነ ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት በየጤና ጣቢያው አለ። ጥሩ ነገር ነው። የተሠራው ግን ለዓይን ነው። ቅባማ ነው፣ ቀድሞውንም ወዝ በበዛበትና በተደፈነ ቀዳዳ ላይ ሌላ ክዳን ይሆናል። መጠኑም አቀማመሙም ለብጉር የታሰበ አይደለም። ለትራኮማ ሕፃን የሚያስፈልገውን ቅባት አገጭ ላይ መጨረስም ደግ አይደለም፣ እሱን ሳልናገር አላልፍም።

የካፕሱሉ ነገር ይባስ። አንዲት ከሞላሌ የመጡ እናት «ልጄ፣ ሁለት ፍሬ አምፒሲሊን ስጠኝ፣ ለልጁ ፊት ልነሰንስለት» አሉኝ። «እናቴ፣ ይሄ የሚዋጥ ነው» አልኳቸው። «አውቃለሁ፣ ቁስል ላይ ግን ያደርቃል» አሉኝ። ያደርቃል፤ ዱቄት ሁሉ ያደርቃል፣ ጤፍ ዱቄትም ያደርቃል። ለብጉር አምፒሲሊን ነስንሶ የሚገኝ ጥቅም የለም። የፔኒሲሊን ወገን ቆዳ ላይ ሲነሰነስ ሰውነት አለርጂ ሊለምድ ይችላል፤ ያ ልጅ አንድ ቀን ሳንባ ምች ይዞት መርፌው ሲያስፈልገው ሊያስፈራው ነው። እማማ አልተከራከሩኝም። «እንግዲያ የሚቀባውን ንገረኝ» አሉና ልጁን ይዘውት መጡ። አሥራ አራት ዓመቱ ነው፣ ከእኔ ይረዝማል። ሲያፍር ግንባሩ በላብ ወረዛ።

ቤታሜታሶን ላይ ግን ቁጣዬን መደበቅ አልችልም።

ቤታሜታሶን ስቴሮይድ ነው፤ ቅላትና እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት። ክሎቤታሶልም እንደዚያው፣ ከእሱም ይበረታል። ለሌላ የቆዳ ሕመም፣ ለአጭር ጊዜ፣ ሐኪም ሲያዝ ጥሩ መድኃኒት ነው። ብጉር ያለበት ፊት ላይ ሲቀባ ግን እንዲህ ነው የሚያደርገው። በሁለት ሦስት ቀን ቅላቱ ይጠፋል፣ እብጠቱ ይሰክናል፣ ፊቱ ፈካ ይላል። ሰውየው «አገኘሁት!» ይላል። ጸሐፊውም ይሄን አይተው ይመስለኛል የመከሩት። ከዚያ ሳምንታት ሲያልፉ ራሱ ስቴሮይዱ ብጉር ያወጣል፤ ደቃቅ፣ እኩል እኩል የሆነ፣ አገጭና አፍ ዙሪያ የሚደረደር። ሲያቆሙት ፊት ይቀላል፣ ይለበልባል። ሲለበልብ መልሰው ይቀቡታል። ይበርዳል። ሲያቆሙት ይብሳል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። ብዙ ሲቆይ ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል፣ ደቃቅ የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ሴት ልጅ ጉንጭ ላይ ጸጉር ይበቅላል።

የተማሪዋ አገጭ ላይ ያየሁት ድርድር እሱ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ሦስት ሳምንት ቀብታዋለች።

ደግሞ ስሙን አይታችሁ ብቻ አትመኑ። አንዳንድ ክሬም ስቴሮይድ፣ አንቲባዮቲክና የፈንገስ መድኃኒት አንድ ላይ ተቀላቅሎበት ይመጣል። ሻጩ «አንቲባዮቲክ ክሬም ነው» ይላችኋል፣ አልዋሸም፣ ግማሹን ነው የነገራችሁ። ካርቶኑን አዙሩና ዝርዝሩን አንብቡ። ቤታሜታሶን፣ ክሎቤታሶል፣ ዴክሳሜታሶን፣ ሞሜታሶን የሚል ካለበት ለብጉር አይሆንም። መዋቢያ መደብር ውስጥ «ፊት ያፈካል» ተብሎ የሚሸጠውም ውስጥ ይኸው ሊኖር ይችላል።

የፀሐይ መከላከያ ጉዳይ ላይ ጸሐፊው ብርድና ፀሐይን አደባልቀውብኛል። ብርድ ስለሆነ ጨረሩ የለም ማለት አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማ በር ከዚያም ይበልጣል። ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ እዚህ ፀሐይ የሚሞቅ ሰው፣ ታች ሸዋ ሮቢት ላብ በላብ ከሆነው ሰው የበለጠ ጨረር ነው የሚቀበለው፣ ሙቀቱ ስለማይሰማው ብቻ አያውቀውም። ሬቲኖይድ የሚቀባ ቆዳ ደግሞ ለፀሐይ ስስ ነው። ያ የብጉር ጥላም በፀሐይ ይበልጥ ይጠቁራል። ክሬሙን መግዛት የከበደው ሰው ሰፊ ኮፍያ ያድርግ፣ ጥላ ይያዝ። ጥላ እንደሆነ እናቶቻችን ይዘው ነው የኖሩት።

ልክ የሆነውን እናገራለሁ ብያለሁ። ሎሚና የጥርስ ሳሙና አትቀቡ ያሉት ትክክል ነው፤ ሁለቱም ቆዳ ያቃጥላሉ፣ ጥቁር ምልክት ይተዋሉ። ብጉር አታፍርጡ ያሉትም እንዲሁ። ጸጉራቸውን ቅቤ የሚቀቡ ሰዎች ግንባራቸው ላይ እንዳይወርድ ይጠንቀቁ ቢሉ ኖሮ ደግሞ እጃቸውን እስም ነበር። የጸጉር ቅባት ግንባር ላይ የሚያወጣውን ብጉር ስንቱ ሰው በአንቲባዮቲክ ይታገለዋል!

ቅባት የማይመልሰውም ብጉር አለ። ጠንካራ፣ ጥልቅ፣ ሲነኩት የሚያም እብጠት ካለ፣ ጉድጓድ የሚተው ከሆነ፣ ጀርባና ደረት ከወረረ፣ ትዩብ ስትቀያይሩ ጊዜ አታጥፉ። የቆዳ ሐኪም ይየው፤ ጠባሳ አንዴ ከወጣ መመለሻው ከባድ ነው። አንቲባዮቲክ ብዙ ቆይቶ ግንባር ላይ እኩል እኩል የሆነ የሚያሳክክ ሽፍታ ከመጣም ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል አሁንም ሐኪም ነው። ብጉር በአብዛኛው ብዙ አያሳክክም።

ተማሪዋን ያን ቀን ባዶ እጇን ነው የመለስኳት። አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ አይሸጥም፣ ለእሷ ደግሞ መጀመሪያ ቤታሜታሶኑን በሐኪም ምክር ማቆም ነበረባት። ተቀየመችኝ። ነጠላዋን ጠቅልላ ወጣች። ሌላ ቦታ ሄዳ ትገዛዋለች ብዬ ነበር።

ጥቅምት 20 ማዘዣ ይዛ ተመለሰች። ክሊንዳማይሲን ጠዋት፣ 2.5 በመቶ ቤንዞይል ፔሮክሳይድ ጠዋት፣ አዳፓሊን ማታ። ጉንጯ ላይ ያለው ቅላት አልጠፋም ነበር፣ ሐኪሙ «ጥቂት ሳምንት ይለበልብሻል፣ ታገሺ» ብሏታል። አዳፓሊኑን በአንድ ቀን ልዩነት እንድትጀምር ነገርኳት። እስክሪብቶ አነሳሁና የክሊንዳማይሲኑ ካርቶን ላይ በትልቁ «ጥር 14» ብዬ ጻፍኩበት።

«ይሄ ምንድነው ጋሼ?»

«የሚቆምበት ቀን።»

«ካልጠፋስ?»

«ሐኪሙ ጋ ትመለሻለሽ። እኔ ጋ ሁለተኛ ትዩብ ልትጠይቂኝ ብትመጪ ግን አልሰጥሽም።»

ሳቀች። ካርቶኑን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ከበሩ ተመልሳ፣ «ብርድ ልብሴ ሰማያዊ ነው፣ እሱንም ይበላዋል?» አለችኝ።